ሦስተኛው ሲሊንደር

ጥቅምት ነው፣ ከብርኖ በታች፤ ወይኑ ተለቅሞ አልቋል፣
ጭጋጉ ከኩሬው ተነሥቶ እስከ በረቱ ዘልቋል።
የቭላስቲሚል ዜቶር ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል።
አባት በርሜል ላይ ተቀምጧል፣
ልጁ ራዲም መቃኑን ተደግፎ ውጭ ውጭውን ያያል።
ማን እንደጠራኝ አልጠይቁኝ፤ ሁለቱም ደውለውልኛል።

ነገሩ የዘጠኝ ዓመት ነው።
አንድ የመከር ቀን ራዲም፣ ያኔ ገና ጎረምሳ፣
የሙቀቱ መርፌ ቀይ ላይ ቆሞ፣ ውሃው ፈልቶ ሲያገሳ፣
«ይቺን አንድ መስመር ልጨርስ» ብሎ ነዳው።
ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፣ ይላል አባት፣ ጉልበቱ የከዳው።
ልጅ ደግሞ፦ «ሃምሳ ዓመት ያረሰ ብረት
ቢደክመው፣ የኔ ነው ጥፋት?»
ይኸው ክርክር ነው በገና፣ በፋሲካ፣ በእናት ቀብር ማግስት
ከሾርባው ጋር ሲቀርብ የኖረው፤
ሾርባው ሲበርድ እሱ የማይበርደው።

እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ መካኒክ ነኝ።
ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል፤ የኔ ዳኛ ከኪሴ ወጣ፣
ክብ፣ ፊቱ መስታወት፣
መማለጃ የማያውቅ፣ ማሸጊያው ደህና እስከሆነ ድረስ።

ባትሪውን ሌሊቱን ሞልቼዋለሁ፤
የሰነፈ ሞተሪኖ ጤነኛውን በሽተኛ ያስመስላል።
ናፍታውን ዘጋሁ። ኢንጀክተሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ።
ሦስተኛው እንቢ አለ። ዘይት አጠጣሁት፣ ለመንኩት፣
በመዶሻ እጀታ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረግኩት፤
እያጉረመረመ ወጣ።

«ምታ!» አልኩ። ራዲም ቁልፉን አዞረ።
እህ፣ እህ፣ እህ፣ እህ።
አንደኛው፦ ሃያ ስድስት ባር።
ሁለተኛው፦ ሃያ አምስት።
አራተኛውን አስቀደምኩ፤ ሰው የሚፈራውን ያቆያል፤
እሱም ሃያ ስድስት።
ሦስተኛው ላይ መርፌዋ ብድግ አለች፣ አቅማማች፣
አሥራ አራት ላይ ቁጭ አለች።
ሁሉንም በጠመኔ ፓራፋንጎው ላይ ጻፍኩ።

«እንግዲህ?» አለ አባት።
«ገና ነው» አልኩ፤ «ዘይት አልመሰከረም።»

በሾርባ ማንኪያ አንድ ዘይት በቀዳዳው አወረድኩ።
ሕጉ ይኸው ነው፦ የፒስተኑ ቀለበት አልቆ እንደሆነ
ዘይቱ ክፍተቱን ይደፍናል፣ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፤
ጥፋቱ የዕድሜ ይሆናል።
ቫልቩ ተቃጥሎ እንደሆነ ግን ዘይት ምን ይረዳዋል?
ቁጥሩ እዚያው ይተኛል፤
ነገሩ የዚያ ቀን እሳት ይሆናል።
ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።
ቁልፉን የያዘው የራዲም ጣት ነጭ ሆኗል።
ዕድሜ ከሆነ ልጅ ነጻ ነው፤ እሳት ከሆነ አባት ይረታል።
ከዚያስ? የረታ ሰው እራቱን ከማን ጋር ይበላል?

«ምታ!»
መርፌዋ ተነሣች። አሥራ አራትን አለፈች። አሥራ ሰባት።
አሥራ ዘጠኝ።
ቆመች።
ማሸጊያዋን ቀይሬ ደገምኩ፤
አሥራ ዘጠኝ።
ሃያ ስድስት ያልደረሰ፣ አሥራ አራት ላይ ያልቀረ፣
ለከሳሽም ለተከሳሽም እኩል የመሰከረ።

ሠላሳ ዓመት በቼክኛ ሞተር አክሜ
ያን ለታ ቃል አጠረኝ፤ ጌጁን በጨርቅ ጠረግኩ፣ ደግሜ ጠረግኩ።
«ግማሹ ቀለበት ነው» አልኩ በመጨረሻ፤
«ግማሹ ቫልቭ ነው።»

በረቱ ውስጥ የሚንጠባጠብ ናፍታ ብቻ ተሰማ።

ቭላስቲሚል ከበርሜሉ ተነሣ፤ ጉልበቱ ቀጭ አለ።
ወደ ፓራፋንጎው ሄደ።
አውራ ጣቱን በምራቁ አራሰና
አሥራ አራቷን ብቻ አጠፋት።
በቦታዋ አሥራ ዘጠኝ ጻፈ፣ በተጣመመ እጁ።
ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣
«ቴስታታውን ስታወርድ ብሎኖቹን በተራ ደርድራቸው» አለ ለልጁ፤
«ባለፈው አንዱን ጥለህብኛል።»

ራዲም መልስ አልሰጠም።
ጃኬቱን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ።